ክሎሪን እና ክሎራይድ አንድ ናቸው? የውሃ ምርመራ ውጤቴ አስደንግጦኛል

የትንሿ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። የቤታችንን የቧንቧ ውሃ ላብራቶሪ አስመርምረን ውጤቱ ትናንት ደረሰን። አብዛኛው መስመር «ደህና» ይላል። አንዱ ላይ ግን «ክሎራይድ 186 ሚሊግራም በሊትር» የሚል አየሁ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደግሞ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ክሎሪን ከ5 ማለፍ የለበትም ይላል። 186 የት፣ 5 የት! ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። የ2 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ የምትጠጣውም የምትታጠበውም በዚሁ ውሃ ነው።

ግራ ያጋባኝ ሌላ ነገር አለ። ውሃው አሁን ምንም አይሸትም። ድሮ በረኪና በረኪና ይል ነበር። ከ4 ወር በፊት የከሰል ማጣሪያ አስገጠምንና ጠረኑ ጠፋ፣ እኛም ተገላገልን ብለን ደስ አለን። የሸጠልን ሰው «ክሎሪኑንም ክሎራይዱንም ጠራርጎ ያወጣል» ነበር ያለን። ታዲያ ይሄ 186 ከየት መጣ? ማጣሪያው አይሠራም ማለት ነው? ልጄን በዚህ ውሃ ማጠብ ላቁም? የምታውቁ ንገሩኝ እባካችሁ።

የኬሚ መምህር

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ያነጻጸርሻቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው። ስማቸው ስለሚቀራረብ ተማሪዎቼም በየዓመቱ የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው።

የክሎሪን አቶም ውጨኛው ሽፋኑ ላይ 7 ኤሌክትሮን አለው። 8 እንዲሞላለት አንድ ይጎድለዋል። ያቺን አንድ እስኪያገኝ ድረስ አያርፍም፣ ካገኘው ሁሉ ይነጥቃል። ከባክቴሪያ ይነጥቃል፣ ከብረት ይነጥቃል፣ ከልብስ ቀለም ይነጥቃል። በረኪና ልብስ የሚያነጣውም ጀርም የሚገድለውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ያቺን አንድ ኤሌክትሮን ካገኘ በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው፣ ክሎራይድ ይባላል። ክሎራይድ የጠገበ ክሎሪን ነው በይው። አይሸትም፣ ጀርም አይገድልም፣ ከማንም አይነጥቅም።

ከ100 ግራም የገበታ ጨው ውስጥ 60 ግራም ያህሉ ክሎራይድ ነው። የራስሽ ደም ፈሳሹ ክፍል በሊትር 3,500 ሚሊግራም ገደማ ክሎራይድ ይዟል። ከዚህ አንጻር 186 እንዴት ትንሽ እንደሆነ እይው።

ያየሽው 5 የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሪን ያስቀመጠው ጣሪያ ነው። ለክሎራይድ ግን ድርጅቱ ከጤና አንጻር ያስቀመጠው ቁጥር የለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 250 ሚሊግራም በሊትር ነው፣ እሱም በጣዕም ምክንያት ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ውሃው ጨው ጨው ማለት ይጀምራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም 250ን የያዘው በዚሁ በጣዕም በኩል ነው። ልጅሽን ማጠብሽን ቀጥይ።

የትንሿ እናት

መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ ትንፋሼ ተመለሰ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለቤቴ የደም ግፊት አለበት፣ ጨው ቀንስ ተብሏል። ክሎራይድ ከጨው ከመጣ እሱን አይጎዳውም?

የማለዳ ጤዛ

እኔ ቀላል መፍትሔ ልንገርሽ። ውሃውን ደህና አድርገሽ አፍይው፣ ክሎራይዱ በእንፋሎት ይወጣል። እኛ ቤት ሁሌም እንዲህ ነው የምናደርገው።

ናሙና ተቀባይ

የማለዳ ጤዛ፣ ይሄ ተቃራኒው ነው፣ ሌላ ሰው አንብቦ እንዳይሳሳት ላርመው። ሲፈላ የሚወጣው ክሎሪን ነው። ክሎራይድ አይተንም። ውሃው ሲቀንስ እሱ እዚያው ይቀራል፣ ስለዚህ ይወፍራል። 186 የነበረውን ውሃ ግማሹ እስኪቀር ብታፈሊው 372 ይሆናል። ማፍላት ጀርም ለመግደል በጣም ጥሩ ነው፣ ጨው ለማውጣት ግን አይደለም።

የትንሿ እናት፣ ስለ ባለቤትሽ ስሌቱን ልሥራልሽ። ክሎራይዱ በሙሉ ከገበታ ጨው መጣ ብንል እንኳ 186 ሚሊግራም ክሎራይድ ማለት በሊትር 0.3 ግራም ጨው ገደማ ነው። በቀን 2 ሊትር ቢጠጣ 0.6 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ነው። ለግፊት የሚታየው ደግሞ ከክሎራይዱ ይልቅ ሶዲየሙ ነው፣ ክሎራይድ ከካልሲየም እና ከማግኒዥየም ጋርም ስለሚመጣ። ውጤትሽ ላይ የሶዲየም መስመር ካለ እሱን ለሐኪሙ አሳዩት።

እኔ የውሃ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ከ186ቱ ይልቅ ሌሎቹን መስመሮች ማየት እፈልጋለሁ። ልትጽፊልን ትችያለሽ?

የትንሿ እናት

እሺ እህቴ። ፒኤች 7.4። ሶዲየም 70። ናይትሬት 6። ቀሪ ክሎሪን፣ ጀርም ለመግደል ተጨምሮ ውሃው ውስጥ የቀረው፣ 0.0። ኢ. ኮላይ የሚባለው የሰገራ ባክቴሪያ አልተገኘም። ናሙናውን የቀዳነው ከወጥ ቤቱ ቧንቧ ነው፣ በማግስቱ ጠዋት ነው ያደረስነው።

ጥሩ አየር

ቀሪ ክሎሪን 0.0 ከሆነማ እንኳን ደስ አለሽ! እኔ በበኩሌ ማንም ሰው ክሎሪን ለምን እንደሚጠጣ አይገባኝም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ ወታደሮች የተፈጁበት ጋዝ እኮ ነው። ከዚያ ደግሞ ካንሰር የሚያመጡ ነገሮችን ውሃ ውስጥ ይፈጥራል ይባላል። ማጣሪያሽ ሥራውን ሠርቷል፣ ተይው።

የኬሚ መምህር

ጥሩ አየር፣ ስጋትህ ከንቱ አይደለም፣ ግማሹ እውነት ነው። ስለዚህ በደንብ ልመልስልህ።

የ1915ቱ ጋዝ ክሎሪን ነው፣ ልክ ነህ። ቧንቧ ውስጥ ግን በጋዝነቱ አይቆይም። ውሃ ሲነካው ሃይፖክሎረስ አሲድ የሚባል ነገር ይሆናል፣ ጀርም የሚገድለው እሱ ነው። ፒኤች፣ ማለትም የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ 7.5 ላይ ሲሆን ግማሽ ያህሉ በዚህ ጠንካራ መልኩ ይገኛል፣ ግማሹ ሃይፖክሎራይት የሚባለው ደካማው ነው። ፒኤች 8.5 ሲደርስ ጠንካራው ወደ 10 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ውሃ የሚያክሙ ሰዎች ፒኤችን የሚከታተሉት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። መጠኑ ደግሞ በሊትር ከአንድ ሚሊግራም በታች ነው ብዙውን ጊዜ።

ስለ ካንሰሩም የምትለው ምንጭ አለው። በ1974 ዮሐንስ ሩክ የተባለ የሮተርዳም ኬሚስት ክሎሪን ውሃ ውስጥ ካለ ብስባሽ የዕፅዋት ቅሪት ጋር ሲገናኝ ክሎሮፎርምን የመሰሉ ውህዶች እንደሚፈጠሩ አሳየ። ትራይሃሎሚቴን ይባላሉ። ከዚያ በኋላ ገደብ ወጣላቸው፣ በአሜሪካ ዋናዎቹ አራቱ ተደምረው በሊትር ከ80 ማይክሮግራም እንዳይበልጡ ይፈለጋል። መፍትሔው ግን ክሎሪኑን መተው ሳይሆን ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ቅሪቱን ከውሃው ማውጣት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እነዚህን ለመቀነስ ተብሎ ጀርም መከላከሉ እንዳይላላ በግልጽ ያስጠነቅቃል።

ምክንያቱም ከክሎሪን በፊት የነበረው ዘመን ይታወቃል። ታይፎይድና ኮሌራ በየከተማው ብዙ ሰው ይጨርሱ ነበር። የቤልጅጓ ሚድልከርክ በ1902፣ የአሜሪካዋ ጀርሲ ሲቲ በ1908 የከተማ ውሃቸውን ያለማቋረጥ በክሎሪን ማከም ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ በየአገሩ የተስፋፋው። ያ ጠረን አስቀያሚ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ጠባቂው በር ላይ እንዳለ የሚነግርህ እሱ ነው።

ናሙና ተቀባይ

እኔም ልጨምር። «0.0 እንኳን ደስ አለሽ» በሚለው አልስማማም፣ ግን ለመደንገጥም ገና ነው። ነፃ ክሎሪን፣ ማለትም ጀርም ለመግደል ዝግጁ ሆኖ ውሃው ውስጥ ያለው፣ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ አያድርም። ናሙናው በተቀዳ በ15 ደቂቃ ውስጥ፣ እዚያው ቧንቧው አጠገብ መለካት አለበት። በዚያ ላይ ለባክቴሪያ ምርመራ የሚሰጠው ጠርሙስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይደረጋል፣ ሥራው ክሎሪኑን ወዲያው ማጥፋት ነው፣ ያለዚያ ክሎሪኑ መንገድ ላይም ባክቴሪያውን እየገደለ ውጤቱን ያዛባዋል። ስለዚህ ያደረ ጠርሙስ 0.0 ቢል ስለ ቧንቧሽ ምንም አልነገረሽም። ክሎራይድ ግን ሳምንትም ቢቀመጥ ያው ነው፣ 186ቱን እመኚው።

የዲፒዲ መለኪያ ፈልጊ፣ ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠው ዓይነት ይበቃል። ዱቄቱን ወይም ጽላቱን ውሃው ላይ ትጨምሪና ሮዝ ከሆነ ክሎሪን አለ፣ ሮዝነቱ በበረታ ቁጥር መጠኑ ይበልጣል። ከቤት ውጭም ከቤት ውስጥም ለኪ። ቧንቧሽ ጋ ቢያንስ 0.2 ብታገኚ ጥሩ ነው፣ 0.5 ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ዓሣ ገንዳ

የዲፒዲውን ነገር እኔም እመሰክራለሁ። ዓሣ አረባለሁ። ሰው የማይሰማው ትንሽ ክሎሪን ዓሣን በደቂቃዎች ውስጥ ያንገበግበዋል፣ የሚተነፍሱበትን ስስ አካል ስለሚያቃጥለው። ውሃውን ከፍቶ 24 ሰዓት ማቆየት ነፃውን ክሎሪን ያወጣዋል። ግን ተጠንቀቁ፣ አንዳንድ ቦታ የውሃ አቅራቢው በክሎሪን ፋንታ ክሎራሚን ነው የሚጠቀመው፣ ክሎሪንና አሞኒያ ተገናኝተው የሚሠሩት። እሱ በማቆየት ቶሎ አይወጣም። መለኪያችሁ «ነፃ» እና «ጠቅላላ» ብሎ ለይቶ ካሳያችሁ ልዩነታቸው ክሎራሚኑ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ በአንድ ሌሊት 11 ዓሣ አጥቻለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጋሽ ቧንቧ

ልጄ፣ ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። ሁሉም ደህና ተናግሯል። እኔ ግን ቧንቧ ስዘረጋ 30 ዓመት ሆኖኛልና የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ማጣሪያው የት ላይ ነው የተገጠመው? ታንከር አላችሁ? ካለ ማጣሪያው ከታንከሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

የትንሿ እናት

ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። አዎ፣ ጣሪያ ላይ 2,000 ሊትር የፕላስቲክ ታንከር አለን። ማጣሪያው ቆጣሪው አጠገብ ነው ያለው። ውሃው በማጣሪያው አልፎ ታንከሩ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ቤት ይወርዳል። ሰውየው «ሙሉ ቤቱ እንዲጣራ እዚህ ነው የሚሻለው» ብሎን ነው።

ጋሽ ቧንቧ

የፈራሁት ይሄን ነበር።

ልጄ፣ ከሰል ክሎሪንን አንድም ሳያስቀር ይበላዋል። የተሠራው ለዚያ ነው፣ ማጣሪያሽ አልተበላሸም። ግን አንቺ ክሎሪኑን በሩ ላይ አስቀርተሽ ባዶውን ውሃ ታንከር ውስጥ አስቀመጥሽው። ታንከር ደግሞ ይሞቃል፣ አቧራ ይገባዋል፣ ከሥሩ ዝቃጭ ይይዛል። ውሃው ቀናት ይተኛል። ጠባቂ የሌለው ውሃ ሞቅ ያለ ቦታ ላይ ሲተኛ ምን እንደሚያበቅል ታንከር ስከፍት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ግድግዳው በእጅ ሲነካ ያንሸራትታል። ከሰሉ ራሱም በጊዜው ካልተቀየረ የባክቴሪያ ቤት ይሆናል።

የከሰል ማጣሪያ ቦታው መጨረሻ ላይ ነው፣ የምትጠጡበት ቧንቧ ሥር። ክሎሪኑ እስከዚያ ድረስ አጅቦ ያምጣልሽ፣ ከዚያ ብርጭቆሽ ውስጥ ሊገባ ሲል ከሰሉ ይቀበለው። ጠረኑም ይጠፋል፣ ታንከሩም ይጠበቃል።

ክሎራይዱን ግን ከሰል አይነካውም። ክሎራይድ ማውጣት የሚፈልግ ሰው በጥቃቅን ቀዳዳ ገፍቶ የሚያጣራውን፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለውን ነው የሚያስገባው፣ ወይም ውሃውን አፍልቶ እንፋሎቱን ያጠራቅማል። ለ186 ግን ይሄን ሁሉ አትድከሚ።

የትንሿ እናት

ጋሼ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነው ያነበብኩት። መለኪያውን ገዝተን ዛሬ ለካን። ማጣሪያው ጋ ሳይደርስ 0.5፣ ደማቅ ሮዝ። ከማጣሪያው እንደወጣ 0.0። ወጥ ቤት 0.0። መታጠቢያ ቤት 0.0። ውሃው እንደ ብርጭቆ ጥርት ብሎ ቀረ። ድሮ «ጠረኑ ጠፋ» ብለን የተደሰትንበትን ቀን አስታውሼ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። 4 ወር ሙሉ ለልጄ ከዚያ ታንከር ነው ያጠጣኋት።

አሁን ምን ላድርግ? ታንከሩን ከፍተን አየነው። ከሥሩ ቡኒ ዝቃጭ አለ።

ናሙና ተቀባይ

እህቴ፣ ራስሽን አትውቀሺ። በተነገረሽ አምነሽ ነው ያደረግሽው። ኢ. ኮላይ አለመገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ታንከሩ እስኪታጠብ ድረስ የልጅሽን መጠጥ ቆጣሪው ጋ ካለው ቧንቧ ቅጂ፣ ወይም አፍልተሽ አቀዝቅዥ።

ጋሽ ቧንቧ

ታንከሩን እንዲህ አድርጉ። ውሃውን አፍስሱ፣ ዝቃጩን አውጡ፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉና አለቅልቁ። ሳሙና አታብዙ። ከዚያ ሩብ ያህል ውሃ ሙሉና ሽቶ የሌለው ተራ በረኪና ጨምሩ። 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር በረኪና ነው፣ ለእናንተ 2 ሊትር ማለት ነው። በሊትር 50 ሚሊግራም ይመጣላችኋል። ከዚያ እስከ አፉ ሙሉት፣ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ አንድ በአንድ ክፈቱ፣ የበረኪና ጠረን ሲመጣ ዝጉት። 24 ሰዓት ይቆይ። በዚያን ቀን ማንም አይጠጣ፣ ልጅቷንም በዚያ ውሃ አታጥቧት። በማግስቱ ሁሉንም አፍስሳችሁ በንጹህ ውሃ አለቅልቁና እንደገና ሙሉት።

አደራ፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅሉ። ከአሲድ ጋር ከሆነ ያ የ1915ቱ ጋዝ ነው የሚወጣው። ከአሞኒያ ጋርም መርዝ ነው። ታንከሩ ውስጥ የሚገባው ሰው ብቻውን አይግባ፣ ክዳኑ ክፍት ይሁን፣ በረኪናው ከመጨመሩ በፊት ይውጣ። የብረት ታንከር ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ይሄን መጠን ለ24 ሰዓት አታቆዩት፣ የማይዝገውን ብረት ሳይቀር ነቁጥ ነቁጥ አድርጎ ይበሳዋል።

አንድ ሌላ ነገር። ለሦስት ሰው 2,000 ሊትር ብዙ ነው። ውሃው ሳይንቀሳቀስ ያረጃል፣ ክሎሪኑም በዕድሜው እያለቀ ይሄዳል። ተንሳፋፊውን ኳስ ዝቅ አድርጋችሁ ግማሽ ድረስ ብቻ እንዲሞላ አድርጉት፣ ቶሎ ቶሎ ይታደሳል።

ጥሩ አየር

እኔ ቤትም ማጣሪያው ከታንከሩ በፊት ነው ያለው። ጻፉ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፣ ግን ከላይ «እንኳን ደስ አለሽ» ያልኩትን ማንሳት አለብኝ። ይቅርታ እህቴ። ነገ መለኪያ እገዛለሁ።

መምህር፣ አንድ ጥያቄ ግን። ያ ሁሉ በረኪና ታንከር ውስጥ ሲገባ ክሎራይዱን አይጨምርም?

የኬሚ መምህር

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ይጨምራል። ሥራውን የጨረሰ ክሎሪን ሁሉ መጨረሻው ክሎራይድ ነው ማለት ይቻላል፣ በረኪናው ራሱም ሲሠራ ጀምሮ ክሎራይድ አለበት። 50 ሚሊግራም ክሎሪን ብትጨምር ክሎራይዱ ከዚያ ያላነሰ ከፍ ይላል፣ ግን ያ ውሃ ይደፋል። በየቀኑ በቧንቧው የሚመጣው 0.5 ሚሊግራም ደግሞ 186 ላይ ቢጨመር ማንም መለኪያ አያስተውለውም። 186ቱ የመጣው ከክሎሪኑ ሳይሆን ውሃው ከተቀዳበት መሬትና አለት ነው።

ናሙና ተቀባይ

ለዚህ ነው ቁጥሩን መዝግበሽ አስቀምጪው የምልሽ። 186 ዓመቱን ሙሉ 186 ከሆነ የውሃው ጠባይ ነው። በድንገት ወደ 240፣ 260 ከዘለለ ግን አንድ ነገር ገብቷል ማለት ነው። ፍሳሽ ሊሆን ይችላል፣ የሰው ሽንት ብዙ ክሎራይድ ስላለው። ባሕር አጠገብ ከሆነ ጨዋማ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ሰርጎ ሊሆን ይችላል። በረዷማ አገር ደግሞ መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ነው። ክሎራይድ መሬት ውስጥ ሲያልፍ አይያዝም፣ አይበሰብስም፣ ስለዚህ ከሌሎቹ ቀድሞ ይደርስና ይናገራል።

የቧንቧ ነገርም አለ። የአሜሪካዋ ፍሊንት ከተማ በ2014 የውሃ ምንጯን ወደ ወንዝ ስትቀይር አዲሱ ውሃ ክሎራይዱ ከድሮው ከፍ ያለ ነበር፣ ዝገት መከላከያም ሳይጨመርበት ቀረ። የእርሳስ ቧንቧዎቹ ተበሉና እርሳሱ ከሰው ቤት ገባ። ክሎራይዱ ብቻውን አልነበረም፣ ግን አንዱ ተባባሪ ነበር። አሮጌ ብረት ወይም እርሳስ ቧንቧ ያለው ቤት ክሎራይዱ ከጨመረ ብረቶቹንም ያስመርምር።

የትንሿ እናት

ከ9 ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ታንከሩን ባለቤቴና ወንድሙ ሆነው አጠቡት፣ ጋሼ እንዳሉት አንዱ ውጭ ቆሞ። ማጣሪያውን ነቅለን አዲስ ከሰል አስገብተንለት ወጥ ቤት ቧንቧው ሥር አዛወርነው። ኳሱንም ዝቅ አደረግነው።

ዛሬ ጠዋት የለካሁት ይኸው። ቆጣሪው ጋ 0.5። መታጠቢያ ቤት፣ በታንከር የመጣው፣ 0.3። ወጥ ቤት ከማጣሪያው በኋላ 0.0፣ እሱም ብርጭቆ ውስጥ ስለሆነ አሁን አያስፈራኝም። ልጄን ስታጠብ ያቺ የድሮዋ ጠረን ትንሽ መጣች፣ አቅፌያት ቆየሁ።

ሁለተኛ ናሙናም ልከን ነበር። ክሎራይድ 184።

ጋሽ ቧንቧ

ጎሽ ልጄ። ከሰሉ የተቀየረበትን ቀን ማጣሪያው ላይ ጻፊበት።

የትንሿ እናት

ጽፌበታለሁ ጋሼ።